ፍቅር ያለ ምስክር ይበቃልን? ስለ ማደጎ ልጅ

የሙት ልጅን ማሳደግ መልካም ሥራ መሆኑን የሚጠራጠር ክርስቲያን የለም። ሐዋርያው ያዕቆብ በእግዚአብሔር ዘንድ ነውር የሌለበት አምልኮ ምን እንደ ሆነ ባስተማረ ጊዜ፥ ወላጅ የሌላቸውን ልጆችና ባልቴቶችን በመከራቸው መጠየቅን አስቀድሞ ቈጥሮታል (ያዕ. 1፥27)። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፥ የሙት ልጅ ይደግ ወይስ አይደግ የሚለውን አይደለም። ጥያቄያችን ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ይኸውም፦ አንድ ክርስቲያን የሌላውን ልጅ ወደ ቤቱ አስገብቶ፥ አብልቶና አልብሶ፥ በእግዚአብሔር ፊት ልጄ ነህ ካለው በኋላ፥ ይህንኑ ቃሉን በዳኛ ፊት ደግሞ ሊናገረው፥ በጽሕፈትም ሊያጸናው ይገባዋልን? ወይስ እግዚአብሔር የሚያውቀውን ነገር በሰው መዝገብ ማስጻፍ እምነት ማጉደል ይሆንበታል?

ከምእመናን ብዙዎቹ ሁለተኛውን ይላሉ። እኛም ብዙ ዘመን እንዲሁ ስንል ኖረናል። አሳባችንን የለወጠው በሮቢት ሳለን በዓይናችን ያየነውና እኛም ራሳችን የበደልንበት አንድ ነገር ነው። እርሱንም አንባቢ እንዲያውቀው፥ በተለይም ካህናት ወንድሞቻችን እንዲማሩበት፥ ሳንሸሽግ እንነግራለን።

ሮቢት ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፥ ከበስተ ምሥራቅዋ የዞብል ተራራ የሚታይባት የራያ ቆላ ናት። ማሽላውና ጤፉ ዝናም በሰጠ ጊዜ ያጠግባል፤ ዝናም በቀረ ጊዜ ግን ያ ሁሉ ሜዳ ባዶውን ይቀራል። በ1965ና በ1966 ዓ. ም. እንደዚሁም በ1977 ዓ. ም. በወሎ የወረደው ረኀብ ስንቱን ቤት እንደ ዘጋ የአገሩ ሰው አይረሳውም። ከዚያም በኋላ በ2013ና በ2014 ዓ. ም. ጦርነቱ ወደ ራያ ቆቦ በደረሰ ጊዜ አባት የቀረባቸው፥ እናት የሞተችባቸው ልጆች ነበሩ። በእነዚህ ዘመናት ሁሉ አክስት የእኅቷን ልጅ፥ ጎረቤት የጎረቤቱን ልጅ፥ አንዳንዴም ከየት እንደ መጣ የማይታወቀውን ሕፃን እየወሰደ አሳድጓል። ይህን ያደረገው ማንም አዝዞት አይደለም፤ ሌማቱ ላይ ካለችው እንጀራ ቈርሶ ሰጠ እንጂ።

ይህ ርኅራኄ ከወሎ ምድር ተነሥቶ ምን ያህል እንደሚደርስ ክብርት አበበች ጎበና አሳይተውናል። በ1972 ዓ. ም. ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄደው ረኀብ የጣለው ሕዝብ በመንገድ ወድቆ አዩ፤ ከዚያም ሁለት ሕፃናትን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። የሕፃናቱ ቍጥር እየበዛ በሄደ ጊዜ ባለቤታቸው ስላልተስማሙ ትዳራቸውንና ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር መኖርን መረጡ። በ2013 ዓ. ም. ባረፉ ጊዜ እናታችን እያሉ ያለቀሱላቸው ብዙዎች ነበሩ። ነገር ግን እርሳቸው ሥራውን በልባቸው ርኅራኄ ብቻ አልተዉትም፤ ማኅበር አቋቋሙለት፥ በሕግም አስመዘገቡት። ስለዚህም እርሳቸው ካለፉ በኋላ የሚቀጥል ሆነ። ይህን አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ፊት እንመለስበታለንና።

አሁን ወደ ነገራችን እንምጣ። በሮቢት አንዲት ባልዋ የሞተባት፥ ልጅ ያልወለደች፥ እግዚአብሔርን የምትፈራ ሴት ነበረች። የንስሐ አባቷም እኛ ነበርን። እናቱ የሞተችበትን፥ አባቱም ወጥቶ የቀረውን አንድ ሕፃን ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላው ከአያቱ እጅ ተቀብላ አሳደገችው። ፊደል አስቈጠረችው፤ በበዓል ቀን በጎኗ አቁማ ታስቀድስ ነበር፤ መስቀል ሲሳለምም አስቀድማ እርሱን ትገፋው ነበር። ልጁ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል በሆነው ጊዜ አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ወደ እኛ ቀርባ፥ “አባታችን፥ ይህን ልጅ በወረቀት ላድርገው ይሆን? እኔ ብሞት ምን ይሆናል?” አለችን። እኛም፥ “ልጄ፥ ምን ወረቀት ያስፈልግሻል? ያንቺ ልጅ መሆኑን እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ አገርም ያውቀዋል” ብለን አሰናበትናት። እርስዋም የካህን ቃል ነውና አምና ሄደች።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታመመች። በአልጋ ላይ ሳለች ቤቴና መሬቴ ለልጄ ነው ስትል በቃሏ ተናዘዘችልን፤ እኛም ሰማናት፥ ፈታናት፥ ቀበርናት። በአርባ ቀኗ ተዝካር የወንድሟ ልጆች ከሩቅ አገር መጡ። ከተዝካሩ በኋላም ልጁን፥ “አንተ አክስታችን ያሳደገችህ እንግዳ ነህ እንጂ ዘመድ አይደለህም” አሉት፤ ነገሩም ወደ ዳኛ ሄደ። እኛም ለምስክርነት ተጠርተን ቀረብን፤ ልጅዋ እንደ ነበረ፥ በቃሏም እንደ ተናዘዘችልን ተናገርን። ዳኛው በትሕትና አድምጠው፥ በፍርድ ቤት የጸደቀ የጉዲፈቻ ውል አለን? በሕግ የተደረገ የጽሑፍ ኑዛዜስ አለን? ሲሉ ጠየቁን። የምንመልሰው አልነበረንም። ቤቱና መሬቱ ለወንድሟ ልጆች ሆነ፤ ዳኛውም ሕጉ የሚለውን ፈረዱ እንጂ አላደሉም። ልጁ ከዚያ በኋላ በሰው እርሻ ላይ በቀን ሥራ ሽንኵርት ሲለቅም አግኝተነው ይቅርታ ብንጠይቀው፥ “አባ፥ እኔ ምስክር አጣሁ እንጂ እናት አላጣሁም” አለን። በሰንበት መስቀሉን ልናሳልመው ወደ እኛ በቀረበ ቍጥር ይህ ቃል ይታወሰናል።

እንግዲህ ስሕተታችን ወዴት ነበር? እግዚአብሔር ያውቃል ማለታችን እውነት ነበር፤ ዳሩ ግን በእውነቱ ላይ ሌላ ነገር ሸፈንንበት። እግዚአብሔር ሁሉን ስለሚያውቅ ሰው ለሰው መመስከር አይገባውም ብለን አስተማርን። እግዚአብሔር ግን የሚያውቀውን እውነት በምስክር እንድናጸናው አዝዞናል እንጂ፥ እኔ አውቀዋለሁና እናንተ ዝም በሉ አላለንም።

የአባቶቻችን ልማድ ራሱ ይህን ያረጋግጣል። ማደጎ የምንለው ቃል ከማደግ የወጣ ነው፤ ጉዲፈቻ የሚለውም ከኦሮምኛ የመጣ ሲሆን ምሥጢሩ ማሳደግ ነው። አማርኛው፥ ትግርኛውና ኦሮምኛው ተጐራብተው በኖሩበት በራያ ይህ ቃል እንግዳ አይደለም። የጡት ልጅ የሚባል ልማድም ነበረ፤ አሳዳጊው ጣቱን ወይም ጡቱን በማር ለውሶ ልጁን ያጠባዋል፤ ከዚያ ወዲያ አባትና ልጅ ይሆናሉ። ነገር ግን ይህ በጓዳ ተሸሽጎ የሚደረግ አልነበረም፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው፥ ዘመድ ተሰብስቦ፥ ቃል ተገብቶ ነው እንጂ። አባቶቻችን ያለ ወረቀት ኖረዋል የሚል ሰው እውነት ይናገራል፤ ያለ ምስክር ኖረዋል የሚል ግን ይስታል። ዛሬ ማሩም ቀርቷል፥ የተሰበሰቡትም ሽማግሌዎች አልፈዋል፤ ወጣቱም በሥራና በስደት ተበታትኗል። የቀድሞውን ምስክር ትተን የአሁኑንም ካልተቀበልን ልጁን በሁለቱም በኩል ራቁቱን እናስቀረዋለን።

ቅዱሳት መጻሕፍትም በዚህ ነገር ይተባበሩናል። ቦዔዝ ለሩት ርኅራኄ ያደረገላት በእርሻና በአውድማ ነበር፤ ነገሩን የፈጸመው ግን በከተማው በር፥ ዐሥር ሽማግሌዎችን አስቀምጦ፥ ሕዝቡን ምስክር አድርጎ ነው (ሩት 4)። ፍቅሩ በአውድማው ላይ እውነተኛ ነበረ፤ ነገር ግን ሩትን ከሌላ ሰው ክርክር የጠበቃት በበሩ የተነገረው ቃል ነው። አባታችን ያዕቆብም የዮሴፍን ሁለት ልጆች ኤፍሬምንና ምናሴን የራሱ ልጆች ባደረጋቸው ጊዜ፥ ከሮቤልና ከስምዖን ጋር አስተካክሎ በቃሉ ስም ጠርቶ ተናገረ፤ ርስታቸውም በዚያ ቃል ጸና (ዘፍ. 48)። ነቢዩ ኤርምያስም ኢየሩሳሌም በጠላት ተከባ ሳለች መሬት ገዛ፤ የግዢውን ደብዳቤ በምስክር ፊት ጽፎ አተመው፥ ብዙ ዘመንም እንዲኖር በሸክላ ዕቃ ውስጥ አስቀመጠው (ኤር. 32)። ነቢዩ ይህን ማድረጉ እምነት ጐድሎት ነውን? አይደለም። ሕዝቡ እንደሚመለስ ስላመነ ነው ለሚመጣው ትውልድ የጻፈው። ተስፋ የሌለው ሰው ለነገ የሚሆን ጽሑፍ አያስቀምጥም።

ከዚህም ሁሉ የሚበልጥ አለ። ቅዱስ ጳውሎስ እኛ በክርስቶስ ያገኘነውን ልጅነት ሲያስረዳ፥ ልጆች ከሆንን ወራሾች ነን እያለ ያስተምራል (ሮሜ 8፥ ገላ. 4)። ክርስቶስ የባሕርይ ልጅ ነው፤ እኛ ግን በጸጋ ልጆች ተባልን። ይህንንም ጸጋ እግዚአብሔር በስውር ፈቃድ ብቻ አልተወውም፤ በጥምቀት ሰጠን፥ በሜሮን አተመን፥ በቤተ ክርስቲያን ጉባኤም ፊት ስም አወጣልን። ወንዱ በአርባ፥ ሴቷ በሰማንያ ቀን ሲጠመቁ የክርስትና አባትና እናት የሚቆሙት ስለ ምን ነው? እግዚአብሔር ሕፃኑን ስለማያውቀው ነውን? እኛ ያወቅነውን እንዳንክድ ነው። እግዚአብሔር እኛን ልጆቹ ሲያደርግ ማኅተም ከሰጠን፥ እኛ የባልንጀራችንን ልጅ ልጃችን ስናደርግ ማኅተም አያሻም ማለት ከአባታችን ይልቅ የተማመንን መስሎ መታየት ነው።

ሕጉ የሚለውን ደግሞ ካህናት ልናውቀው ይገባናል፤ ባናውቀው እንደ ቀድሞው እናስታለንና። የ1952 ዓ. ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 804፥ ፍርድ ቤት ያላጸደቀው የጉዲፈቻ ውል እንደማይጸና ደንግጎ ነበር። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፥ አዋጅ ቁጥር 213/1992፥ ይህንኑ ይዞ ከአንቀጽ 180 ጀምሮ በዝርዝር ይገልጠዋል። የአማራ ክልልም በአዋጅ ቁጥር 79/1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል፤ የሮቢት ሰው ጉዳዩን የሚያቀርበው በዚህ ሕግ መሠረት ለወረዳው ፍርድ ቤት ነው። የነገሩ አካሄድ በአጭሩ እንዲህ ነው።

አሳዳጊው በፌዴራሉ ሕግ ከ25 ዓመት ያላነሰ ሊሆን ይገባል፤ ባልና ሚስት ከሆኑም አንዳቸው 25 ዓመት መሙላታቸው ይበቃል፤ ሆኖም ውሉን በአንድነት ያደርጉታል። ልጁ ከ18 ዓመት በታች ሊሆን ይገባል። ይህ የመጨረሻው ነገር እጅግ ይታሰብ፤ ዛሬ ነገ ሲባል ልጁ 18 ዓመት ከሞላው በሩ ተዘጋ ማለት ነውና። ውሉ የሚደረገው በአሳዳጊውና በልጁ ሞግዚት መካከል ነው። ወላጆች በሕይወት ካሉና ከታወቁ ሁለቱም ፈቃዳቸውን ይሰጣሉ። ወላጆች የሌሉትን ልጅ አያቱ ወይም አጎቱ ይዞት እንደ ሆነ፥ አስቀድሞ ያ ዘመድ ሞግዚትነቱን በፍርድ ቤት ያረጋግጣል። ብዙ ቤተሰብ ተሰናክሎ የሚቀረው በዚህ ስፍራ ነው፤ የሞተውን ወላጅ ሞት ማስረዳት፥ የጠፋውንም አድራሻ መጠየቅ ለገበሬው ተራራ መስሎ ይታየዋልና። ከዚህም በኋላ ዳኛው ውሉ ለልጁ የሚጠቅም መሆኑን ይመረምራል፥ የልጁን አሳብ ይሰማል፥ አሳዳጊውም ለማሳደግ የሚችል መሆኑን ያያል፤ ካመነበትም ያጸድቀዋል። የጸደቀውም ጉዲፈቻ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት እንደ ልደትና እንደ ጋብቻ በወሳኝ ኩነት መዝገብ ይጻፋል።

ይህ ከተፈጸመ በኋላ ልጁ ለነገር ሁሉ የአሳዳጊው ልጅ ነው፤ በውርስም የፍትሐ ብሔሩ ሕግ በአንቀጽ 836 ከተወለዱት ጋር ያስተካክለዋል። ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድናም አይቈረጥበትም። የአሳዳጊው ወላጆችና የጎን ዘመዶች ጉዲፈቻውን የሚቃወሙ እንደ ሆኑ፥ ተቃውሟቸውን ውሉ ከጸደቀ በአንድ ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ማስጻፍ አለባቸው። በሕይወት ሳሉ ዝም ብለው በተዝካር ማግሥት የሚነሡትን ሕጉ አስቀድሞ አስቦባቸዋል ማለት ነው።

በቃል ስለሚደረግ ኑዛዜም አንድ ነገር እንጨምር፤ ይህ የንስሐ አባቶችን በቀጥታ ይነካልና። በፍትሐ ብሔሩ ሕግ የቃል ኑዛዜ የሚጸናው ስለ ቀብር ሥርዐት፥ ስለ ልጆች ሞግዚትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ቤትና ንብረት የሚተላለፍበት ግልጥ ኑዛዜ በጽሑፍ ተደርጎ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ሊነበብና ሊፈረም ይገባዋል። ያቺ ሴት በአልጋ ላይ ስትናዘዝ እኛ አራት ሰው ጠርተን ብናስጽፍ ኖሮ፥ ልጇን ልጅ ባናደርገው እንኳ ከዳኛው ፊት ባዶ እጃችንን ባልቆምን ነበር።

ዳሩ ግን ሕግ ባይሟላ ሁሉ ጠፋ ማለት አይደለም። በ2000 ዓ. ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠው ፍርድ በሕግ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነው። እናቱ የሞተችበትን ልጅ አክስቱ ይዛ ታሳድገዋለች፤ ልጁን ሲያሳድግ ያልኖረው አባት ደግሞ ሞግዚትነቱ የእኔ ነው ብሎ ተነሣ። ችሎቱም የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 ጠቅሶ ከአባትነት ስም ይልቅ የልጁ ጥቅም ይቅደም ብሎ ፈረደ። ነገር ግን ይህ የሞግዚትነት ነገር ነው እንጂ የውርስ ነገር አይደለም፤ ጉዳዩም ወደ ሰበር እስኪደርስ ድረስ ስንት ድካም እንዳለበት አስተዋይ ይገምተዋል። በጊዜው የተደረገ አንድ ውል ይህን ሁሉ መንገድ ያሳጥራል።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው፥ ሐዋርያው በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክቱ ምእመናን ወደ ዓለም ዳኛ መሄዳቸውን ነቅፏል የሚል ነው። እርሱ የነቀፈው ግን ወንድም ወንድሙን መክሰሱን ነው። የጉዲፈቻ ውል ለማጽደቅ የሚቀርብ ሰው ማንንም አይከስም፤ እንዲያውም ነገ የሚመጣውን ክስ ዛሬ ያስቀራል። ሁለተኛው፥ ልጁ የሰው ልጅ መሆኑን ቢያውቅ ልቡ ይሰበራል የሚል ነው። ይህ ከፍቅር የሚመጣ ስጋት ስለ ሆነ አንንቀውም። ነገር ግን እውነት በሮቢት አይሰወርም፤ ከእናቱ አፍ በፍቅር ካልሰማው በገበያ በስድብ ይሰማዋል። ሙሴ በፈርዖን ልጅ ቤት ሲያድግ ወንድሞቹን አውቋል፤ አስቴርም በመርዶክዮስ እጅ ስታድግ ወገኗን አልዘነጋችም። ሕጉም የልጁን ሥር እንዳይቈረጥ መጠበቁ ከዚህ ጋር ይስማማል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ግን ይልቅ ጥልቅ ነው። ወረቀት ፍቅርን አይወልድም፤ ብዙ ወረቀት ይዘው ልጅ የበደሉ አሉ፤ ታዲያ በወረቀት ስለ ምን እንታመናለን? የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ በአገራችንም ልጆች ላይ ደርሷል። ባለፉት ዓመታት በሺህ የሚቈጠሩ ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደ ውጭ አገር ሄደዋል። ብዙዎቹ መልካም ቤት አገኙ፤ ነገር ግን ልጃቸው ተምሮ የሚመለስ መስሏቸው ትርጓሜውን ሳያውቁ የፈረሙ ወላጆች ነበሩ። በ2003 ዓ. ም. አንዲት ከኢትዮጵያ የተወሰደች ልጅ በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት በአሳዳጊዎቿ ጭካኔ ሞተች፤ እነርሱም በ2006 ዓ. ም. የእስራት ቅጣት ተፈረደባቸው። ወረቀቷ ሙሉ ነበር፤ ፍቅር ግን አልነበረም። መንግሥትም በ2010 ዓ. ም. በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 ለውጭ አገር ሰዎች የሚደረገውን ጉዲፈቻ ከቤተሰብ ሕጉ አስወገደ። ስለዚህ የሙት ልጆቻችን ነገር ሙሉ በሙሉ ወደ እኛ ተመልሷል፤ ማንም ከባሕር ማዶ መጥቶ አይወስድልንም።

እኛም በዚህ ራሳችንን መመርመር አለብን እንጂ ሩቅ ያሉትን ብቻ መንቀፍ አይገባንም። በገጠራችን ማደጎ እየተባለ ወደ ቤት የሚገባው ልጅ ሁሉ እንደ ልጅ ይኖራልን? የተወለደው ልጅ ትምህርት ቤት ሲሄድ ማደጎው ከብት ይጠብቃል፤ የተወለደችው ስትተኛ ማደጎዋ ውኃ ትቀዳለች፤ ቤተ ዘመዱም ይህን አይቶ ጽድቅ ነው ይለዋል። ጽድቅ ግን አይደለም፤ ደመወዝ የማይከፈልበት አገልጋይነት ነው። የፌዴራሉ ሕግ በአንቀጽ 195 የጸደቀ ጉዲፈቻ በማናቸውም ምክንያት እንዳይሻር ካዘዘ በኋላ አንድ በር ብቻ ትቷል፤ አሳዳጊው ልጁን እንደ ልጁ በመያዝ ፈንታ እንደ ባሪያ ወይም ባርነትን በሚመስል ሁኔታ የያዘው፥ ለጥቅሙም ሲል ከግብረ ገብ ውጭ በሆነ ሥራ ያሰማራው ወይም የወደ ፊት ኑሮውን የሚጎዳ ነገር ያደረገበት እንደ ሆነ ፍርድ ቤት ሊሽረው ይችላል። እንግዲህ ምስክር የሚያስፈልገው ልጁን ከአሳዳጊው ዘመዶች ለመጠበቅ ብቻ አይደለም፤ ከአሳዳጊው ከራሱም ለመጠበቅ ነው። በዳኛ ፊት ልጄ ነው ያለ ሰው፥ ልጄ ነው ስላለው ቃሉ የሚጠየቅበት ስፍራ አለ። በጓዳው ብቻ ልጄ ያለ ሰው ግን በፈለገ ቀን አገልጋዬ ሊለው ይችላል፤ ማንም አይጠይቀውም።

ከዚህ የምንደርስበት አሳብ ይህ ነው። ፍቅር የነገሩ ነፍስ ነው፤ ያለ እርሱ ወረቀቱ ሬሳ ነው። ነገር ግን ፍቅር የሚኖረው በሚሞት ሰው ልብ ውስጥ ስለ ሆነ፥ አፍቃሪው በሞተ ማግሥት ስለ ልጁ የሚናገር ሌላ አፍ ያስፈልገዋል። ክብርት አበበች ጎበና ሥራቸውን በማኅበር ማጽናታቸው ርኅራኄያቸውን እንዳላሳነሰው፥ ያቺ የሮቢት ሴትም ልጇን በውል ብታጸናው ኖሮ እናትነቷ ባላነሰ ነበር። ለመታሰር ፈቃደኛ ያልሆነ ፍቅር ገና አልተፈጸመም። ጌታችንም በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለወደደው ደቀ መዝሙር፥ ደቀ መዝሙሩንም ለእናቱ በልቡ ብቻ አልሰጣቸውም፤ በግልጥ ተናገረ፥ ያም ደቀ መዝሙር ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደ ቤቱ ወሰዳት (ዮሐ. 19)።

እንግዲህ ካህናትና ምእመናን ምን እናድርግ? አስቀድሞ የንስሐ አባት የሆነ ሁሉ፥ በቤቱ ማደጎ ያለውን የንስሐ ልጁን፥ “ይህ ልጅ በሕግ ልጅህ ነውን? ዕድሜውስ ስንት ሆነው?” ብሎ ይጠይቅ። ጾሙንና ጸሎቱን እንደሚጠይቅ ይህንም ይጠይቅ። ልጁ ከተወለደው እኩል ይማራልን? እኩል ይበላልን? ብሎም ይመርምር። የሚያጠምቅ ካህን የወላጆችን፥ የአሳዳጊንና የክርስትና አባትን ስም በመዝገብ በጥንቃቄ ይጻፍ፤ ያች መስመር አንድ ቀን ለዳኛ ማስረጃ ትሆናለችና። ጽሕፈት የሚያውቅ ዲያቆን ለማያውቀው ማመልከቻ ይጻፍለት። የሰበካ ጉባኤውም፥ በወሎ ቅሬ የምንለው የእድር ማኅበርም፥ ለቀብር እንደሚያዋጣ ሁሉ ከሮቢት እስከ ቆቦ ለሚመላለስ ድሃ አሳዳጊ የመንገዱን ዋጋ ይርዳው። የደም ነገር በደረሰ ጊዜ የሚያስታርቁት የራያ ቆቦ የዘወልድ ሽማግሌዎች ቃላቸው በአገር የከበረ ነው፤ እነርሱም ከውሉ አስቀድመው የሁለቱን ወገን ዘመድ ቢያስማሙ ብዙ ጠብ ይቀራል።

የሕግ ምክር በተመለከተ ደግሞ ድሃው ብቻውን እንዳልቀረ እንንገረው። በወረዳው ያለው የፍትሕ ጽሕፈት ቤትና የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጥያቄውን ሊሰሙት የተሾሙ ናቸው። የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ለአቅመ ደካሞች ነጻ የሕግ አገልግሎት የሚሰጡባቸው ማእከላት አሉ፤ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለሴቶችና ለሕፃናት በነጻ በመምከርና በመሟገት የታወቀ ነው። ከምእመናንም መካከል ጠበቃ የሆኑ አሉ፤ በዓመት አንድ የሙት ልጅ ውል በነጻ ቢጽፉ ይህ ከምጽዋት ሁሉ የተመረጠ ምጽዋት ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ወላጅ የሌላቸው ልጆች በጉዲፈቻ የሚያድጉበትን መንገድ መንግሥት እንዲያበረታታ አዝዟል። ሕጉ ይህን ካለ፥ ከሕግ ይልቅ በጸጋ የምንመካ እኛ ከዚህ ያነሰ ልናደርግ አይገባንም።

በመጨረሻ ለካህናት ወንድሞቻችን ይህን እንላለን። አንዲት እናት መጥታ፥ እኔ ብሞት ልጄ ምን ይሆናል? ብላ በጠየቀቻችሁ ጊዜ፥ እግዚአብሔር ያውቃል ብላችሁ አታሰናብቷት። እግዚአብሔር ማወቁን እርስዋ ከእናንተ ይልቅ ታውቃለች፤ ወደ እናንተ የመጣችው የእናንተን ምስክርነት ፈልጋ ነው። ተነሡና አብራችኋት ሂዱ፤ በዳኛው ፊትም ቁሙላት። እኛ በጊዜው አልሄድንምና፥ ዛሬ በሰው እርሻ ላይ የሚለቅመውን ልጅ ባየን ቍጥር ያልሄድንበት መንገድ ይታየናል።

የሙት ልጆች አባት፥ የባልቴቶችም ዳኛ የሆነ እግዚአብሔር፥ በቤታችን ያሉትን ልጆች በእውነት ልጆች የምናደርግበትን ልብ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።